እማዬን ዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ወሰድኳት

እማዬ ልትጠይቀኝ ኬፕታውን የመጣች ሰሞን ያገኘኝ አበሻ ሁሉ «ቴብል ማውንቴን አውጣት» ይለኛል። ያን ቀን ንፋስ ነበር። ኃይለኛ ንፋስ ካለ ደግሞ ወደ ተራራው የሚያወጣው ኬብል ካር አይሠራም። እሷም ከፍታ አትወድም፤ ተገላገለች። ሱቁን ለልጁ ትቼ ቦይተንካንት መንገድ ላይ ወዳለው ዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ይዣት ሄድኩ። ዲስትሪክት ሲክስ በአፓርታይድ ዘመን ነዋሪው ተነቅሎ የፈረሰ የከተማው ሰፈር ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር ዕቃ ጭኜ ስንቴ በደጁ እንዳለፍኩ! አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም።

ሕንፃው ድሮ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህን ስነግራት በሩ ላይ አማተበች። ሙዚየም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ነው። ትልቅ አይደለም። ግን እንደገባችሁ ወለሉ ያስቆማችኋል። የድሮው ሰፈር ካርታ፣ ከነመንገዱ፣ በትልቁ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ የቤተሰባቸውን ስም በእጃቸው ጽፈውበታል። እማዬ ዳር ላይ ቆመች።

«ጫማዬን ላውልቅ እንዴ?»

«አያስፈልግም እማዬ፣ ተሸፍኗል።»

«የሰው ስም ላይማ አልሄድም» ብላ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ዞረች።

ከላይ የመንገዶቹ ስም የተጻፈባቸው ታርጋዎች ተሰቅለዋል። ሰፈሩን ሲያፈርሱ ከሠራተኞቹ አለቆች አንዱ ሳይጥላቸው ደብቆ ያኖራቸው ናቸው። ሃኖቨር መንገድ ዋናው ነበር። ሰዎቹ ተባረው ከገቡባቸው ሰፈሮች አንዱ፣ ከከተማው ርቆ አሸዋ ላይ የተሠራው፣ ሃኖቨር ፓርክ ይባላል። መንገዱን ቀምተው ስሙን ሰጧቸው ማለት ነው። እኔ ለሃኖቨር ፓርክ ደንበኞች ብርድ ልብስ ስሸጥ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1966 ሰፈሩን «የነጮች ብቻ» ብሎ አወጀ። ከ60,000 በላይ ሰው ተነቀለ። ብዙዎቹን ጥቁሮችማ ቀድሞ በ1901፣ ወረርሽኝ ገባ ብለው አስወጥተዋቸዋል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 4 ቀን 1958 ሆነ። እማዬ የተወለደችበት ዓመት ነው።

አስጎብኚያችን እዚያው ሰፈር ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። (ስትሄዱ የቀድሞ ነዋሪ እንዲያስጎበኛችሁ ጠይቁ። ተጨማሪ ይከፈላል፤ ግን ያለ እሱ ግማሹን አላያችሁትም።) ጣታቸውን ካርታው ላይ አድርገው «እዚህ ነበርን፣ ቤቱ የኪራይ ነው» አሉ። ተረጎምኩላት። እማዬ ዞር ብላ አየችኝ።

«ተከራይም ይጻፋል?»

ጠየቅኳቸው። ይጻፋል። መጻፍ ብቻም አይደል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመሬት መብት መመለሻ ሕግ ከሰኔ 1913 ወዲህ በዘር ሕግ የተነቀለ ሰው እንዲጠይቅ ፈቀደ፤ ለረጅም ዘመን ተከራይቶ የኖረውም ይጠይቃል። እስከ 1998 መጨረሻ ያመለከተ ወይ መሬት ወይ የገንዘብ ካሳ ይመርጣል።

እማዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እሷ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። አዋጅ 47 በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1967 ሲወጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የአከራያቸው ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ እነ እማዬ በአንድ ቀን የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። ኪራዩ ቀነሰ፤ ቤታቸው ደስታ ሆነ። አከራያቸው ግን የትም አልሄዱም። አንዷ ቤታቸው ቀርታላቸው እዚያው ግቢ፣ እዚያው ቧንቧ ላይ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። «እናቴ እያፈረች ውኃ ታስቀድማቸው ነበር» አለችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። በ1987 አዋጅ 110 ወጥቶ ያለ አግባብ የተወሰደ ንብረት ይመለስ ሲባል አከራያቸው ወረቀታቸውን ይዘው አንድ ቢሮ ተመላለሱ። «የእርስዎ በአዋጅ ነው የተወረሰው፣ በሕግ ነው» አሏቸው። በቃ። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ደግሞ እማዬ ራሷ ከተማ ዳር ወጣች። የቀበሌ ኪራይ ደብተሯን እስካሁን በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅ።

እኔን ሙዚየሙ ያሸነፈኝ እዚህ ላይ ነው። ካሳ ሲባል የሚታየኝ ቼክ ነበር። እዚህ ግን ማን የት በር እንደነበረው ተጽፎ ይታያል፤ መንግሥት ያላደረገውን ሰዎቹ ራሳቸው አድርገውታል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥትማ ይንቀረፈፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተመላሾች፣ ሁለቱም ከ80 ዓመት በላይ የሆኑ አባቶች፣ ቁልፍ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሕጉ ከወጣ አሥር ዓመት በኋላ፣ ከማንዴላ እጅ። በሦስት ዙር የተሠሩት ቤቶች ተደምረው 250 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠያቂዎቹ ሚኒስትሯን ከስሰው ፍርድ ቤቱ «ዕቅድሽን አምጪ» እስከማለት ደርሷል።

ለምትሄዱ፦ እሑድ ዝግ ነው። ጽሑፍ ይበዛል፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ከያዛችሁ ሁለት ሰዓት መድቡ። ነጭ አቡጀዲ ላይ ሰዎች የጻፉትን ጥልፍ እንዳታልፉት፣ እማዬ ጥልፉን በጣቷ ልትነካ ስትል ነው የያዝኳት።

ስትወጡ ወደ ታክሲ አትሮጡ። ሽቅብ ትንሽ ተራመዱና ቦታውን ራሱን እዩት። ከፊሉ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል። መስጊዶቹና ቤተ ክርስቲያኖቹ አልፈረሱም፣ ቆመዋል። ብዙው ግን ባዶ ሜዳ ነው። ነጮቹም መጥተው ብዙም አልሠሩበትም። እማዬ ነጠላዋን ይዛ ከንፋሱ ጋር እየታገለች ቁልቁል አየችው።

«ታዲያ ለሣር ነው ያስነሷቸው?»

የምመልስላት አጣሁ። ታክሲ ጠራሁ።