ሳልሞን ለመጋገር የትኛው ኦቨን ይሻላል? የጠረጴዛው ኤሌክትሪክ ወይስ የቆመው ጋዝ

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የሥራ ባልደረቦቼም ዘመዶቼም ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ሳልሞን ቤት ውስጥ ለመጋገር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የኤሌክትሪክ ኦቨን እንግዛ ወይስ ከሥሩ ኦቨን ያለውን የቆመ የጋዝ ምድጃ? ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በዝርዝር ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ። መልሴን አላቆየውም፤ ጎንደር ለሚኖርና በኦቨኑ በብዛት ዓሣ ለሚሠራ ቤተሰብ የሚሻለው ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቨን ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን በትክክል የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ያለው መሆን አለበት። ይህን ቅድመ ሁኔታ የማጠብቀው እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛሁት አስመስለው የሠሩትን ስለነበረ ነው።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው የዓሣው ዋጋ ነው። ሳልሞን ከጣና አይወጣም፤ ኖርዌይን በመሳሰሉ አገሮች በባሕር ላይ እርባታ አድጎ፣ በረዶ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ወደ እኛ የሚደርሰው በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው በበረዶ ሣጥን ሲይዝልን ነው። እኔ በ2017 ዓ.ም. አንዱን ኪሎ በ4,800 ብር አስገዝቻለሁ፤ በዚያው ሳምንት ከጎርጎራ የመጣ ቆሮሶ የገዛሁት ግን በኪሎ 450 ብር ነበር። በአንድ ኪሎ ሳልሞን ዋጋ ከአሥር ኪሎ በላይ ቆሮሶ ይገዛል ማለት ነው። ስለዚህ የኦቨኑን ዋጋ ስታሰሉ የሚያበላሸውን ዓሣ ዋጋ አብራችሁ ደምሩበት።

የመጀመሪያውን ኦቨን የገዛሁት በ7,800 ብር ነው። ስሙ ከታወቀ የፋብሪካ ስም ጋር በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል፤ ካርቶኑም ማዞሪያዎቹም ከዋናው ጋር አንድ ናቸው። ዋናው በዚያ ጊዜ 14,500 ብር ይሸጥ ስለነበር 6,700 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ኪሎውን ሳልሞን በ200 ዲግሪ አስገብቼ፣ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል ስለሚባል በ15ኛው ደቂቃ ከፈትሁት፤ መሐሉ ገና ጥሬ ነበር። እንደገና ዘግቼ 35 ደቂቃ ሲሞላው ሳወጣው ከጎንና ከጎኑ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ወጥቶ ትሪው ላይ ረግቷል፤ ይህም ዓሣው ከመጠን በላይ ሲበስል ከሥጋው ተገፍቶ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ሥጋውም ሲጎረስ እንደ ደረቅ ዳቦ ነበር። በሌላ ቀን የቀረውን ግማሽ ኪሎ ሞከርሁ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። በኋላ የኦቨን ቴርሞሜትር አስመጥቼ ውስጡ ስሰቅል ማዞሪያው 200 ሲል እውነተኛው ሙቀት 150 እንኳ አይደርስም ነበር።

ከዚያ ሶኬቱ ቀለጠ። ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ጠጋኝ ገመዱን በምላጭ ፋቅ ሲያደርገው ከላይ ቀይ የነበረው ሽቦ ከሥር ነጭ ሆኖ ወጣ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። «እትዬ፣ ገመዱን እቀይርልዎታለሁ፤ ሙቀቱን ግን እኔም አላምነውም» አለኝ። ገመድና ሶኬት 650 ብር፣ ቴርሞስታት ከነእጅ ዋጋው 1,900 ብር ወሰደ። የተቀየረው ቴርሞስታትም ሁለት ወር አልሞላውም፤ እየተጣበቀ ሙቀቱን ማቋረጥ አቃተው። ስደምረው ለኦቨኑ 7,800፣ ለጥገና 2,550፣ ለተበላሸው ሳልሞን 4,800፣ በጠቅላላው 15,150 ብር አውጥቻለሁ። ኦቨኑን ለቆራሌ በ400 ብር ሸጥሁት። ይህም ተቀንሶ ከዋናው ዋጋ 250 ብር በልጦ የወጣብኝ ሲሆን፣ በእጄ የቀረ ኦቨን ግን አልነበረም።

የቆመው የጋዝ ምድጃ የራሱ ክብር አለው። መብራት ሲጠፋ ይሠራል፤ ትልቅ ድፎ ዳቦ ይይዛል፤ ከላይ ወጥ እየተሠራ ከታች ይጋገርበታል። እኅቴ ቤት ያለው 62,000 ብር የተገዛ ነው፤ ለበዓል ዳቦ ከሱ የተሻለ አላየሁም። ለሳልሞን ግን ሁለት ጉድለት አለበት። በብዙዎቹ ርካሽ የጋዝ ኦቨኖች ማዞሪያው እሳቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ ቴርሞስታት ስለሌለው ሙቀቱን ራሱ ጠብቆ አያቋርጥም፤ ደግሞም እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ የዓሣው ሥር ሲደርቅ ላዩ ሐመር እንደሆነ ይቀራል። በዚያ ላይ ሲሊንደሩ አለ፤ ጋዝ ከከተማው ሲጠፋ ሳምንታት እንጠብቃለን፤ ሲገኝም ሳይመዘን መቀበል አይገባም። የባዶው ሲሊንደር ክብደት ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ 12.5 ኪሎ ጋዝ ከተባለ በሚዛን የሚታየው የሁለቱ ድምር መሆን አለበት። እኅቴ አንድ ጊዜ ሦስት ኪሎ የጎደለ ተቀብላለች።

ኤሌክትሪኩም ችግር የለበትም አልልም። ምሽት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ የእንጀራ ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ በ220 ቮልት 1,600 ዋት የሚሰጥ ኦቨን ደግሞ በ180 ቮልት የሚሰጠው 1,070 ዋት ገደማ ብቻ ነው። የእኔ ኦቨን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በ10 ደቂቃ 200 ዲግሪ ሲደርስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሳልሞን የምጋግረው ቀን ቀን ነው። የመብራት ፍጆታው አያስፈራም፤ ማሞቂያውንና ማብሰያውን ጨምሮ 25 ደቂቃ ቢሠራ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው። ከማከፋፈያ ገመድ ላይ ግን አትሰኩት፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ከብሬከር በቀጥታ አስዘርጉለት፤ ምጣድ በተሰካበት ሰዓትም አታብሩት።

አሁን የምጠቀምበትን ዋናውን ኦቨን ከገዛሁ በኋላ ሳልሞን አልተበላሸብኝም። በረዶውን ከማቅለጤ በፊት አየር የለሹን ላስቲክ ከፍቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ብቻ አደርግበታለሁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን በማለት የመጀመሪያዎቹን 8 ደቂቃዎች በፎይል እሸፍነዋለሁ፤ ከዚያ ገልጬ 5 ደቂቃ እጨምርለታለሁ። በሹካ ሲነካ ሥጋው በየንጣፉ ከተለያየ ደርሷል። ቆሮሶ ቅባቱ ከሳልሞን እጅግ ያነሰ በመሆኑ ፎይሉን እስከ መጨረሻው አላነሣለትም። አዲስ ኦቨን የገዛ ሰውም እጁን በቆሮሶ ቢያሟሽ ይሻለዋል።

መግዣው ቀን ላይ ደግሞ አንድ ማንኪያ ስኳርና ቁራጭ ፎይል ይዛችሁ ሂዱ። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ስኳሩን ፎይሉ ላይ አድርጋችሁ ውስጡ አስገቡና ባለሱቁ ኦቨኑን ሰክቶ 175 ላይ ያድርግላችሁ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ስኳሩ መቅለጥ የለበትም። ከዚያ ወደ 190 ከፍ ይደረግና ሌላ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ አሁን መቅለጥ አለበት። ሁለተኛውን ኦቨን ስገዛ የመጀመሪያው ባለሱቅ «ዕቃ ይቆሽሽብኛል» ብሎ ከለከለኝ፤ ሁለተኛው ፈቀደልኝ፤ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስኳሩ ጠርዝ ጠርዙን ወርዝቶ ወርቃማ ሲሆን ካየሁ በኋላ 14,500 ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት።