ካምቢዮ ማሳደስ በጎጃም፦ ጋራዡ የሚችለውና የሚዘለው

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ጭነት ይዞ ለሚወርድ ሾፌር ሁለተኛ ማርሽ ከፍሬን አይተናነስም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ማርሽ የሚተፋ ካምቢዮ ሞተሩ ይዞት የነበረውን ክብደት በአንዴ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። የካምቢዮ ጥገናንም የምንመዝነው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ማውረድና መግጠም ላይ የባሕር ዳርም ሆነ የደብረ ማርቆስ ጋራዦች እጃቸው ፈጣን ነው፤ ዶልፊንና ሃይሉክስማ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። ችግሩ የሚጀምረው ካምቢዮው ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ነው። የሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ የሚገናኙትን ክፍሎች ፍጥነት የሚያስተካክለው አካል) ቀለበት በዓይን ብቻ ታይቶ «ገና ነው» ይባላል። ነሐስ ሲያብረቀርቅ አዲስ ይመስላል፤ ማለቁ የሚታወቀው ግን ቀለበቱን ማርሹ ላይ ጫን አድርጎ በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ሲለኩት ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ካምቢዮዎች የመጨረሻው ልክ እንደ ሞዴሉ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከጠበበ ይቀየር። ፊለር ጌጅ የሌለው ጋራዥ ካምቢዮ ባይከፍት ይሻላል።

ሌላው ጥፋት መዶሻ ነው። አዲስ ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ሲገባ የውጭ ቀለበቱ ከተመታ ምቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ መሄጃቸው ላይ ጠባሳ ይቀራል፣ ጩኸቱም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ፕሬስ፣ ማለትም ኩሽኔታን ሳይመታ በግፊት የሚያስገባ ማሽን፣ ያለው ቤት ይፈልጉ። ፕሬስ ከጠፋ በውስጥ ቀለበቱ ልክ የተቆረጠ ቱቦ ይሠራል።

ከመክፈልዎ በፊት ምልክቱን ያዳምጡ። ዜሮ ማርሽ ላይ ሲያጉረመርም ቆይቶ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ካለ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ ከጮኸ የዚያው ማርሽ ሲንክሮናይዘር ነው። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ በቀላሉ እየገባ ሞተር ሲነሣ አልገባ ካለ ግን መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ ይታይ፤ ይህ ሳይታይ ቀርቶ ብዙ ደህና ካምቢዮ በከንቱ ተፈትቷል። ዘይቱ ሲፈስ የማግኔቱ ቡሎን ላይ ግራጫ ጭቃ ቢኖር አያስደነግጥም። የጥርስ ስባሪ ወይም ብዙ ወርቃማ ብናኝ ከወጣ መክፈት ግድ ነው።

በራስ መሥራትስ? ማውረዱ ይቻላል፤ ጠንካራ መደገፊያና አንድ ረዳት እስካለ ድረስ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞት ነው። አውርዶ ፕሬስ ወዳለው ቤት በባጃጅ መውሰዱን ከሁሉም እናስቀድማለን። መክፈቱን ለለመደ ሰው ይተዉት፦ የመምረጫ ዘንጎቹ ሲወጡ ትናንሽ ኳሶችና ስፕሪንጎች ይፈናጠራሉ፤ በዘንጎቹ መካከል ያለችው ፒን ከተረሳች ደግሞ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ገብቶ ካምቢዮው ይቆለፋል።

ሲገጠም ካምቢዮውን በመግቢያው ዘንግ ብቻ አንጠልጥሎ መተው የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምማል። አልገባ ሲልም በቡሎን እየሳቡ ማስገባት የካምቢዮውን ጆሮ (ቡሎን የሚገባበትን ጠርዝ) ይሰነጥቃል። ዘይቱ አምራቹ ያዘዘው ይሁን፤ ለብዙዎቹ 75ደብሊው-90 ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ በመሙያው ቀዳዳ መልሶ እስኪፈስ ይሞላል።

አሮጌዎቹን ቀለበቶችና ኩሽኔታዎች ተቀብለው፣ ቆጥረው ከጋራዡ ይውጡ።