ወንድሜ ያገገመበት ማዕከል፦ ስለ ቤተሰብ ምክር አገልግሎቱ

ታናሽ ወንድሜ በጫትና በመጠጥ ሱስ ላይ የአእምሮ ሕመም ተደርቦበት፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ማገገሚያ ማዕከል ለሦስት ወራት ታክሟል። የማዕከሉን ስም የማልጠቅሰው የወንድሜን ምስጢር ለመጠበቅ ነው። የምገመግመውም በሳምንት አንድ ቀን ለቤተሰብ የሚሰጠውን የምክር አገልግሎት ነው።

በመጀመሪያው ቀን አማካሪዋ የጠየቁን ቤት ውስጥ ወንድሜን ምን እያልን እንደምንጠራው ነበር። አባቴ «ቤቴን ያዋረደ» እንደሚለው፣ እናቴ እንግዳ ሲመጣ ከጓሮው ክፍል እንዳይወጣ እንደምትለምነው፣ እኔም ምርቃናውን በጨብሲ ሰብሮ ሲመጣ በር ዘግቼበት እንደማውቅ በየተራ ተናገርን። አማካሪዋ አልገሠጹንም። ቤተሰብ ሕመሙን ባያመጣውም፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ነቀፋና ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ ጣልቃ ገብነት ወዳለበት ቤት ሲመለስ፣ በተለይም ከዘመዶቹ ጋር በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት ሲውል፣ ሕመሙ ይበልጥ እንደሚያገረሽበት እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ የለንደን ጥናት ማሳየቱን አስረዱን። እኔን ያስደነገጠኝ የእናቴ ስስት፣ «እንዳይናደድ» እያለች በድብቅ የምትሰጠው የጫት ገንዘብ ጭምር፣ ከአባቴ ቁጣ ጋር አብሮ መነሣቱ ነው።

እናቴ ግን ልጇን የደበቀችው ስለጠላችው አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ካነጋገራቸው 178 የአእምሮ ታማሚዎች ዘመዶች ሦስት አራተኛው መገለል እንደደረሰባቸው፣ 37 በመቶው ደግሞ የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። አማካሪዋ ይህን ሲነግሯት አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ነው በነፃነት መናገር የጀመረችው። ጠበል መውሰዳችንንም አልነቀፉም፤ የለመኑን መድኃኒቱን እንዳናስቋርጠው ብቻ ነው። ይህ አክብሮት እናቴን አስከብሮልኛልና ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ምክሩ የሚሰጠው በሥራ ቀን ጠዋት ስለሆነ አባቴ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የተገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ወንድሜ ከወጣ በኋላ የቀጠሩን አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው፤ የሚቸግረው እሱ ቤት ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ነውና። እዚያም ሆነ ሌላ ማዕከል የምታስመዘግቡ ሰዎች፣ ከክፍያው በፊት ይህን ጠይቁ።

በመጨረሻው ቀን አባቴ፣ «ማታ አምሽቶ ሲመጣ ምን ልበለው?» ብሎ አማካሪዋን ጠየቀ። «እራት በልተሃል?» ይበሉት፤ የቀረው ለነገ ይቆይ አሉት።