«መርዝ እናወጣለን» የሚሉትን የኪሌሽን ክሊኒኮች ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። «የደም ስር እናጸዳለን፣ መርዝ እናወጣለን» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ጋውን፣ ለስላሳ ንግግር፣ ክፍያ በቅድሚያ። ለልብ ሕመምተኛው አባቴ ኪሌሽን ሸጡልን። ኢዲቲኤ የሚባል፣ ብረቶችን ይዞ ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት እንደ ግሉኮስ በደም ስሩ እያንጠባጠቡ ሊሰጡት ማለት ነው።

ያሳመኑን በአንድ ወረቀት ነው። የሽንት ምርመራ ውጤት፤ እርሳስና ሜርኩሪ የሚባሉት መርዛማ ብረቶች ሁለቱም ቀይ፣ ማለትም ከልክ በላይ። አባቴ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። መድኃኒቱ እየተንጠባጠበለት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያንኑ ወረቀት ሳገላብጥ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አየሁ፦ ንጽጽሩ መድኃኒት ካልወሰዱ ሰዎች ጋር ነው ይላል። አባቴን ግን ሽንት ከመስጠቱ በፊት እንክብል አስውጠውታል! እንክብሉ ራሱ እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን ጠራርጎ ወደ ሽንት የሚያወጣ ነው። ትንሽ እርሳስ የሌለበት ሰው ደግሞ የለም። እንዲህ ከተለካ ጤነኛውም ቀይ ይወጣለታል። የመርዝ ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅም ይህ አለካክ በሳይንስ ያልተረጋገጠ መሆኑን ካስታወቀ ቆይቷል።

ተነስቼ ኃላፊውን ጠየቅኩት። ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም። «ሐኪም ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩ። «እንግዲያው ለሚያውቁት ተዪው።» ነርሷ ሳቀች። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ይሰማል። «ልጄ፣ ከንፈሬን ደነዘዘኝ» ሲል ደግሞ «መርዙ ሲወጣ ነው አባባ» አሉት።

መርፌውን አስነቅዬ ሆስፒታል ወሰድኩት። ካልሲየሙ ወርዶ ነበር። ዲሶዲየም ኢዲቲኤ የሚባለው ዓይነት ካልሲየምን ከደም ይጠርጋል፤ ልብንም ሊያቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 አሜሪካ ውስጥ በዚህ ምክንያት 3 ሰዎች ሞተዋል፤ 2ቱ ሕፃናት ናቸው። የትኛውን የኢዲቲኤ ዓይነት እንደሰጡት ክሊኒኩን ስጠይቅ «ሁሉም አንድ ነው» ነው ያሉኝ። አንድ አይደለም!

ኪሌሽን ራሱ ውሸት አይደለም። በእርሳስ ለተመረዘ፣ ወይም ደም በብዛት ተለግሶት ብረት (አይረን) ለተጠራቀመበት ሰው ትክክለኛ ሕክምና ነው። ለልብ ሲሆን ግን የሚያሳዩን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን፣ በ1,708 ሰዎች ላይ የተደረገውን ጥናት ነው። እሱ በተለይ ለስኳር ሕመምተኞች ተስፋ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2024ቱን ጥናት አያነሱትም። የስኳር ሕመም ያለባቸውና ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታቸው 1,000 ያህል ሰዎች ተሞከረባቸው። ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ድንገተኛው የልብ ሕመምም፣ ስትሮኩም፣ ሞቱም ግን አልቀነሰም።

ገንዘባችንን ስጠይቅ «የፈረማችሁትን አንብቢ» ተባልኩ። አልመለሱም።

ሰውነታችሁ ውስጥ እርሳስ አለ ካሏችሁ፣ ምንም ሳትውጡ ሌላ ቦታ ደማችሁን አስመርምሩ። የልብ መድኃኒታችሁንም እነሱ ስላሏችሁ አታቋርጡ።