የተርቦ ናፍጣ ሞተር ቢዬላ፦ ያገለገለ ኦሪጅናል፣ አዲስ ኦሪጅናል ወይስ ቅጂ?

ሃይሉክስ፣ ፕራዶ ወይም አባዱላ ያላቸው ወዳጆቼ ሞተር ባስፈቱ ቁጥር «ቢዬላ የቱን ልግዛ?» ይሉኛል፤ ቢዬላ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው የብረት ክንድ ነው። መልሴን ላስቀድም፦ ከአንድ ሞተር የወጡ፣ ቶርኖ ቤት (የብረት ሥራ ማሽን ያለው ወርክሾፕ) ተለክተው ያለፉ አራት ያገለገሉ ኦሪጅናሎች፣ ከአዲስ ቡሎንና ከአዲስ ብሮንዚና (ቢዬላው በክራንክሻፍቱ ላይ የሚዞርበት ስስ የብረት ሽፋን) ጋር። ቅጂውን በነጻ ቢሰጡኝም ሞተር ውስጥ አላስገባም።

ዋጋውን በብር አልጽፍም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጠየቅሁት ለሚቀጥለው ሳምንት አያገለግልም። በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች እየዞርሁ ስጠይቅ የማገኘው ሚዛን ግን ብዙ አይናወጥም። በአንድ አዲስ ኦሪጅናል ቢዬላ ዋጋ አራት ቅጂ ይገዛል። ያገለገለ ኦሪጅናል ደግሞ አንዱ የአዲሱን ሲሶ፣ ሲወደድ ግማሹን ያወጣል። እንግዲህ አስሉት፦ በአራት ያገለገሉ ኦሪጅናሎች ፋንታ አራት ቅጂ በመግዛት የሚተርፈው ገንዘብ ቢበዛ የአንድ አዲስ ቢዬላ ዋጋ ነው። ሞተሩ ዳግም ከተፈታ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ)፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ብሮንዚናና የእጅ ዋጋ እንደ አዲስ ይከፈላል፤ መኪናው ቆሞ የሚቀረው የቀን ገቢም አለ። የተረፈው ገንዘብ ይህን ሁሉ አይሸፍንም።

አንድ የሚኒባስ ባለቤት የፋብሪካውን በሚመስል ካርቶን የታሸገ ቅጂ ይዞ መጣ። አራቱን በዲጂታል ሚዛን ስንመዝናቸው ክብደታቸው ለየቅል ነበር። ቡሎኑን አጥብቀን ክራንክሻፍቱን የሚይዘውን ትልቁን ቀዳዳ ስንለካ ክብ አልሆነም። የትንሹ ጫፍ ቡሽ (የፒስተኑ ፒን የሚገባበት ቀለበት) የዘይት ቀዳዳ ከቢዬላው ቀዳዳ ጋር አልገጠመም፤ በዚያ ሁኔታ ቢገጠም የፒስተኑ ፒን ዘይት አጥቶ ይበላ ነበር። ሻጩ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ብሎ አልመለሰለትም። ሰውየው ያገለገለ ኦሪጅናል ሲገዛ ሁለት ጊዜ ከፈለ።

ያገለገለ ሲባል ግን ማንኛውም ማለት አይደለም። ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው ሞተሩ ለምን እንደ ተበተነ ነው። 1ኬዲና 2ኬዲ የተባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የታወቀ ሕመም አለባቸው፦ ናፍጣ የሚረጨው የኢንጀክተሩ ማሸጊያ ቀለበት ሲያፈስ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ጥላሸቱ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ብሮንዚናው ደርቆ ይቃጠላል። ከዚያ የወጣ ቢዬላ ትልቁ ጫፉ በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይነካም። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ውኃ የጠጣ ሞተር ከሆነ ደግሞ ቢዬላው ጎብጧል ብላችሁ ጠርጥሩ። ውኃ እንደ አየር አይታመቅምና ፒስተኑ ሲወጣ ኃይሉን ሁሉ የሚሸከመው ቢዬላው ነው። በ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ የጎበጠውን እመልሳለሁ። ለዚህም ክፍያ ከመጨረሴ በፊት «ቶርኖ ቤት ካላለፈ ትቀበለኛለህ» ብዬ እስማማለሁ፤ በዚህ የማይስማማ ሻጭ ዘንድ አልገዛም።

የትልቁ ጫፍ ክዳን ከገዛ ቢዬላው ጋር መሆኑን በተመታበት ምልክት አረጋግጡ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው የተቦረቦሩ ስለሆኑ የሌላ ቢዬላ ክዳን ቢገጠም ክቡ ይበላሻል። ገበያ ላይ ተደባልቀው በክምር ከሚሸጡት ራቁ።

ቡሎን ላይ ግን አትቆጥቡ። በቶርክ (በተለካ የማጥበቂያ ኃይል) ከጠበቀ በኋላ በዲግሪ ተጨማሪ የሚዞር ቡሎን እየተለጠጠ የሚይዝ ስለሆነ ያገለገለው አይታመንም። ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ያ ያገለገለ ቡሎን ቢበጠስ ቢዬላው የሞተሩን ብሎክ ሰብሮ ይወጣል። ከጠቅላላ ወጪው ትንሹ ይህ ነውና አዲስ ኦሪጅናል ይሁን።

አዲስ ኦሪጅናል ቢዬላ ምንም እንከን አይወጣለትም። መኪናውን ለረጅም ዓመት ለሚይዝና በጀት ላለው እመክረዋለሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የቶዮታ ወኪል ከሆነው ሞኤንኮ የመለዋወጫውን ቁጥርና ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሌላ ሱቅ ከዚያ በጣም ባነሰ ዋጋ «ኦሪጅናል» ካለ ካርቶኑን አትመኑ። ለውድድር ተብለው ከውጭ የሚታዘዙት ወፍራም ቢዬላዎች የተርቦውን ግፊት ከፍ ላደረገ ሰው ናቸው፤ ሰው ለሚጭን አባዱላ ያ ገንዘብ ኢንጀክተር ቢታደስበት ይሻላል።

«የጎበጠውን በፕሬስ እናቅናው» የሚል ባለሙያም አይጠፋም፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። አንዴ የታጠፈ ብረት ግን ቀጥ ቢል እንኳ ተዳክሟል፤ ተርቦ ላለው ሞተር አልቀበለውም። ገንዘቡ ለአራት ካልበቃና ሦስቱ ጤነኛ ከሆኑ ክብደቱ ከእነሱ ጋር የሚመጣጠን አንድ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ፤ ሦስቱንም አብራችሁ አስለኩ።