አኩራፊው ኦስካር ወይስ ባለጢሞቹ ኮሪዎች?

ሰሞኑን የጠየቀኝ ሰው ሦስተኛው ነው። «ወዲያ ወዲህ ከማለት ያለፈ ጠባይ ያለው፣ የሚያስቅ ዓሣ ንገረኝ፤ ግን እንዳይወደድ።» ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት በስልክ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የኮሪዶራስ፣ ባጭሩ ኮሪ የሚባሉት ባለጢም ትንንሽ ዓሦች ወገን ነኝ። ኦስካር አሳድጌ፣ ቤታ አሳድጌ፣ ጎልድፊሽ አሳድጌ፣ ተታልዬም ገዝቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ሚዛናዊ ንጽጽር የፈለገ ሌላ ቦታ ይሞክር።

ከተታለልኩበት ልጀምር። ግላስፊሽ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ሰውነቱ እንደ መስታወት ስለሚያሳይ አጥንቱ ይቆጠራል። ሻጩ ጀርባቸው ላይ ሮዝና አረንጓዴ መስመር ያለባቸውን አወጣና «እነዚህ ልዩ ዘር ናቸው» አለኝ። ቀለም ከሌላቸው እጥፍ ከፍዬ አምስት ገዛሁ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሮዙ ደበዘዘ፣ አረንጓዴው ጠፋ፣ እጄ ላይ የቀሩት እነዚያው በግማሽ ዋጋ የሚሸጡት ሆኑ። ለካ ቀለሙ በመርፌ የተወጋ ነው! አንድ በአንድ እየተያዙ ቆዳቸው ስር ይወጋሉ። ከመርፌው በኋላ በሽታ መከተሉ የተለመደ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ክንፋቸው ላይ ነጭ እብጠት አውጥተውብኛል። ነጭ ኮሪዎችንና ፓሮት ሲክሊድንም እንዲሁ ቀለም እየነከሩ የሚሸጡ አሉ። በዘረመል ተለውጠው የሚያበሩት ዓሦች ግን ሌላ ናቸው፤ ቀለማቸው ከውልደታቸው ስለሆነ አይለቅም፣ ወደ ልጆቻቸውም ይተላለፋል። የግላስፊሾቹን ጠባይ ከጠየቃችሁኝ፣ የኔዎቹ ጥግ ይዘው ከመደንገጥ ሌላ ምንም አላሳዩኝም።

አሁን ወደ ኦስካር። ወገኔ ባይሆንም እውነቱን ልመስክርለት፣ ብቻውን ሆኖ እንደሱ የሚያስቅ ዓሣ አላየሁም። ወደ ክፍሉ ስገባ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ቡችላ ጭራውን ይቆላል። እንግዳ ሲገባ ግን ዞር ብሎ ይቆማል። ደግሞም ያኮርፋል። እያጋነንኩ አይደለም። ውሃ ስትቀይሩለት ወይም ድንጋዩን ከቦታው ስታነሱበት ቀለሙን አጥቁሮ በጎኑ ይጋደማል፣ ምግብ ቢሰጡትም አያይም። የመጀመሪያ ቀን ሞተ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስንቱን ሰው እንደቀሰቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ተነስቶ ምግብ ይለምናል! (ሁልጊዜ ኩርፊያ ነው ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ውሃው ሲበላሽም እንደዚሁ ይጋደማል፣ መጀመሪያ አሞኒያውን፣ ማለትም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ ለኩ።)

ችግሩ የኦስካር ቀልድ ሁሉ የሚከፈልበት መሆኑ ነው። ይህ ዓሣ የቤት ዕቃ ማዘዋወር ይወዳል። ተክል ትተክላላችሁ፣ ይነቅላል። ድንጋይ ታስተካክላላችሁ፣ እየገፋ ሌላ ጥግ ይወስደዋል። አንድ ሌሊት ሂተሩን፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያውን አናወጠው፣ የመስታወት ሂተር ነበርና ተሰበረ። የሂተሩ ዋጋ ከዓሣው ሦስት እጥፍ ነው። እልህ ይዞኝ ሁለተኛውን ርካሽ ገዛሁ፤ ማሸጊያው ከታወቀው ምርት ጋር አንድ ዓይነት፣ ስሙ ላይ ግን አንድ ፊደል የተቀየረ፣ ያ ዓይነቱ። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ተጣብቆ አልጠፋም ብሎ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ውሃው 33 ዲግሪ ደርሶ አገኘሁት። ሦስተኛውን የፕላስቲክ መከላከያ ያለው ገዛሁ። ለአንድ ዓሣ ሦስት ሂተር! በዚያ ገንዘብ ስንት ኮሪ እንደሚገዛ አስልቼዋለሁ፣ ባላስበው ይሻለኝ ነበር።

ዋናው ወጪ ገና አልመጣም። ሱቅ ውስጥ የጣት ያህል ሆኖ የምታዩት ኦስካር ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። ለአንዱ ከ280 ሊትር ያነሰ ገንዳ አትግዙ፤ 280 ሊትር ውሃ ማለት ደግሞ 280 ኪሎ ነው፣ መደርደሪያችሁ ይችለው እንደሆነ አስቡ። ለእንዲህ ያለ በላተኛ ትልቅ የውጭ ፊልተር፣ ማለትም ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ የውሃ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የኔ ርካሽ ፊልተር በስምንተኛው ወር የክዳኑ ጎማ ላልቶ ወለሉን አጥለቀለቀው። ጎማው ለብቻው አይሸጥም ተባልኩ። ቀጥሎ ኢምፔለሩ፣ ማለትም ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋው ነገር፣ ዘንጉ ተሰበረ። እሱም ለብቻው አይሸጥም። ስለዚህ ፊልተር ስትገዙ ስለ ሊትሩና ስለ ዋቱ ከመጠየቃችሁ በፊት «ጎማውና ኢምፔለሩ ለብቻ ይገኛል ወይ?» በሉ። ሻጩ ከተንተባተበ ውጡ።

ኮሪዎቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ቀለል ይላል። ብዙዎቹ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው፤ ጢም አላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ወለሉን እየቆፈሩ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ይዞራሉ። ይጠቅሷችኋል! የዓይን ቆብ የላቸውም፤ ዓይናቸውን ድንገት ወደ ታች ገልበጥ ሲያደርጉት ነው ጥቅሻ የሚመስለው። ደግሞ ድንገት ከታች ተወንጭፈው ላይ ወጥተው አየር ጎርሰው ይመለሳሉ፣ አንዱ ሲወጣ ሌሎቹም ይከተላሉ። ኮሪ የገዛ አንድ ጓደኛዬ «አብደዋል» ብሎ ደውሎልኛል። አላበዱም፤ የጎረሱትን አየር የሚጠቀሙበት በአንጀታቸው ነው፣ ትርፉ በኋላ በኩል ይወጣል። እንግዲህ ምን እንደሚመስል እናንተ ጨርሱት።

እኔን የያዘኝ ግን እርስ በርስ ያላቸው ነገር ነው። መንገድ ሲጀምሩ አንዱ ሌላውን ጎሸም ያደርገዋል፣ «ተነስ እንሂድ» እንደማለት። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ነሐስማው ኮሪ ላይ አጥንተውታል፤ ኮሪዎቹ አብረው ለመንቀሳቀስ እርስ በርስ ይነካካሉ። እኔ ቤት አንዱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሌሎቹ ተመልሰው እየጎሸሙ ይወስዱታል። ቴሌቪዥን ማየት ትቻለሁ።

ሻጭ እዚህ ጋ የሚያመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ፦ «ስድስት ኮሪ ከአንድ ትንሽ ኦስካር ይወደዳል።» የዓሣው ዋጋ ብቻ ከሆነ ልክ ነው። ግን ፈረሱ በርካሽ ተገኝቶ ኮርቻው ቤት ሲያሸጥ ምን ይጠቅማል? ለስድስት ኮሪ 80 ሊትር ገንዳ ይበቃል፤ ስፖንጅ ፊልተርና ትንሽ የአየር ፓምፕ ካለ አለቀ። እዚያ ውስጥ የሚበላሸው የፓምፑ ቀጭን ጎማ ነው፣ ዋጋውም ኢምንት ነው። ሂተር የሚሰብርባችሁ የለም። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ገዝታችሁ ግን «ጠባይ የላቸውም» አትበሉኝ፤ ከስድስት በታች ሲሆኑ ይደበቃሉ። ወለሉ አሸዋ ይሁን፣ ሹል ጠጠር ጢማቸውን ይጨርሰዋል። ቆሻሻ ይበላሉ የሚለውንም አትመኑ፣ ወደ ታች የሚሰምጥ የራሳቸው ምግብ ይፈልጋሉ። በመረብ አትያዟቸው። ክንፋቸው ላይ ያለው እሾህ ተቆልፎ መረቡ ውስጥ ይቀረቀራል፤ እኔ አንዱን ለማላቀቅ መረቤን በመቀስ ቆርጫለሁ። በኩባያ ቅዷቸው።

የቀሩት በአጭሩ። ቤታ ቆንጆ ነው፣ ቦታም አይፈጅም፣ መስታወት ብታሳዩት ጉንጩን ነፍቶ ራሱን ይሰድባል። ወንዱ በአረፋ ጎጆ ሠርቶ የሚወድቁትን እንቁላሎች በአፉ እየለቀመ የሚመልስ ምስኪን አባት ነው። ግን ሁለት ወንድ አንድ ገንዳ ውስጥ አይኖርም፤ ማኅበራዊ ኑሮ ለማየት የፈለገ ሰው ሰዓቱን ያባክናል። ጎልድፊሽ በልመና የሚያህለው የለም፣ የሦስት ሰከንድ ትዝታ አለው የሚባለውም ተረት ነው፣ ምግብ የሚመጣበትን ሰዓት ከኔ በላይ ያውቃል። ውሃ ያቆሽሻል፣ ያድጋል፣ ክብ ጎድጓዳ መስታወት ውስጥ አይሆንም። ቲሽ የተባለ እንግሊዛዊ ጎልድፊሽ 43 ዓመት ኖሯል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ለማን እንደምታወርሱት ወስኑ። ሳሚ ጉራሚ ለፍቅረኛ ስጦታ የሚገዛ ሰው ደግሞ ይወቀው፣ ያ አፍ ለአፍ መግጠም ፀብ ነው።

አንድ ልቤን የሚፈትነኝ ኮንቪክት ሲክሊድ ነው። ጥንድ ሆነው ልጆቻቸውን አብረው ይጠብቃሉ። በ2019 የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት የመረጠችውን ወንድ የተነጠቀች ሴት ጨለምተኛ እንደምትሆን አሳይቷል፤ ምግብ ይኑርበት አይኑርበት የማይታወቅ ሣጥን ሲቀርብላት ለመክፈት ትዘገያለች። ዋጋቸውም ርካሽ ነው። ርካሽ የሆኑት ግን በብዛት ስለሚዋለዱ ነው፤ መቶ ጫጩት ይዛችሁ በነፃ የሚወስድ ሰው ፍለጋ ትዞራላችሁ፣ የተለመነው ሁሉ ስልክ አያነሳም።

ኦስካሩን በመጨረሻ 500 ሊትር ገንዳ ላለው ወዳጄ ሰጠሁት። ሳምንቱን ሙሉ እየደወለ «ሞተ መሰለኝ፣ በጎኑ ተኝቷል» ይለኝ ነበር። አኩርፎ ነው፣ አንተ ብቻ ሂተሩን ሸሽግ አልኩት።