ለጀማሪ ጎልፈኛ፦ ድራይቨር ወይስ 7 ቁጥር አይረን?

ርቀት የሚፈልግ ጀማሪ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ረጅሙ ዱላ፣ ወደ ድራይቨሩ ነው። አይፈረድበትም፤ ከሁሉም የሚያርቀው እሱ ነው። ግን ኳሷን የሚመታው ፊቱ ወደ ኋላ የሚያጋድለው 10 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ስህተት አይሸፍንም። የቀኝ እጅ መቺ ከውጭ (ከኳሷ ማዶ) ወደ ውስጥ (ወደ ራሱ) እየቆረጠ ከመታና የዱላው ፊት ወደ ቀኝ ከተከፈተ፣ ኳሷ ወደ ቀኝ ትጠመዘዝና ርቀቱ እዚያው ይባክናል።

7 ቁጥር አይረን፣ ጠፍጣፋ የብረት ራስ ያለው ዱላ፣ አጠር ያለ ነው፤ ፊቱ 30 ዲግሪ ገደማ ስለሚያጋድል ኳሷን በቀላሉ ያነሳል። ጥፋቱንም ወዲያው ያሳያል። ከኳሷ በፊት አፈር ከተነሳ፣ ብዙውን ጊዜ ክብደቱ የኋላ እግር ላይ ቀርቷል። ፊቱን ጠመኔ ቀብቶ 10 ኳስ መምታትና ጠመኔው የለቀቀበትን ቦታ ማየት ነው። መሃሉን ሳያገኙ ጉልበት መጨመር ትርፉ ድካም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ከ50 ኳስ 40ውን በአይረን ይምቱ። ወደ ድራይቨር ሲሻገሩ ግን የአይረኑን አመታት ይዘው አይሂዱ፦ አይረን ኳሷን ከሁለቱ እግሮች መሃል ትይዩ አቁሞ ወደ ታች፣ ድራይቨር ደግሞ በግራ ተረከዝ ትይዩ፣ ግማሿ ከዱላው ራስ በላይ እንድትታይ ቲ (ኳስ ማስቀመጫ ትንሽ ችካል) ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ ነው የሚመታው።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የለኩትን ርቀት የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ከለኩት ጋር አያወዳድሩ፤ ደሴ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ምት ይርቃል። ከፊት ሰውም ከብትም አለመኖሩን አይተው ይምቱ።